እንባው እየፈሰሰ የደረቀ ዓይን፦ አሌክሳንድሪያ ያገኘሁት ክሊኒክ

ይህን የምጽፈው በተለይ መሪ ጨብጠው ለሚያድሩ ነው። ኡበርም ይሁን ሊፍት፣ ከደለስ ኤርፖርት ወደ ዲሲ፣ ከዲሲ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመላለሱ ለሚነጋባቸው። ዓይናችሁን ይቆረቁራችኋል። አሸዋ የገባበት ይመስላችኋል። ከፊት የሚመጣ የመኪና መብራት ይበተንባችኋል። እንባችሁ ደግሞ ያለ ምክንያት ዱብ ዱብ ይላል። እኔን አንዲት ተሳፋሪ በመስታወት አይታኝ «ደህና ነህ? ሰው ሞቶብህ ነው?» ብላኛለች። ምን ልበላት? «ዓይኔ ደርቆ ነው» ብላት ማን ያምነኛል።

የምነግራችሁ ስለ አንድ የዓይን ድርቀት ክሊኒክ ነው። ያለው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። የማመሰግንበት ብዙ ስለሆነ ማስታወቂያ ይመስልብኛል፤ የምወቅስበትም ስላለ ስም ማጥፋት እንዳይሆንብኝ። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻውን እሰጣለሁ።

እዚያ ከመድረሴ በፊት ስላየሁት ትንሽ ላውራ። ብዙዎቻችሁ አሁን ያላችሁት እዚያ ጋ ነውና።

መነሻው ፋርማሲ ነው። የጠብታው መደርደሪያ ፊት ስትቆሙ ብዛቱ ያደናግራል። ሁሉም እፎይታ ይሰጣል ይላል። አንዱ ወገን ቅላት የሚያጠፋው ነው። እሱ የሚሠራው የዓይንን የደም ሥር በማጥበብ ነው፤ ዓይንን አያረጥብም። ለሰርግ ፎቶ ይሆናል። በየቀኑ ከተደረገ ግን ሲተዉት ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ሌላው ወገን ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ነው፤ ሲስቴን፣ ሪፍሬሽ የመሳሰሉት። እዚህም ውስጥ ልዩነት አለ። በጠርሙስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንዳይበላሽ ተብሎ የተጨመረበት ኬሚካል አለው። በቀን አንዴ ሁለቴ ጠብ ለሚያደርግ ብዙም አይከፋም። በየሰዓቱ ለሚያደርግ ሰው ግን ያው ኬሚካል ዓይኑን ይጎዳዋል። ካርቶኑን አዙራችሁ አንብቡ። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚል ካያችሁ ወደ ቦታው መልሱት። በትንንሽ ፕላስቲክ የሚመጣው፣ ጫፉ ተቆርጦ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ይሻላል። ዋጋው ኪስ ይነካል፣ አልዋሽም።

ርካሽ ነው ብሎ ስሙ ያልታወቀ ጠብታ ከኦንላይን ማዘዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ2023 ኤዝሪኬር ከተባለ ሰው ሠራሽ እንባ ጋር የተያያዘ፣ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ አሜሪካ ውስጥ ተዛምቶ ነበር። ጠብታው ከገበያ ተሰበሰበ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ሲዲሲ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ባወጣው ቁጥር በ18 ስቴቶች 81 ሰዎች ተይዘዋል። 14ቱ ዕይታቸው ተጎድቷል፣ የ4 ሰዎች ዓይን በቀዶ ጥገና ወጥቷል፣ 4 ሰዎች ሞተዋል። በዓይን ጠብታ እኮ ነው! ከዚያ ወዲህ እኔ የማላውቀውን ስም ዓይኔ ውስጥ አላስገባም።

ከፋርማሲ ቀጥሎ የሄድኩት አንድ የዓይን ሐኪም ዘንድ ነበር። ጥበቃው ረጅም፣ ምርመራው አጭር። መብራት አብርቶ አየኝ፣ «ድራይ አይ ነው» አለኝ፣ ሬስታሲስ የሚባል ጠብታ ጻፈልኝ። አለቀ። ሬስታሲስ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። በ2002 ነው የተፈቀደው፤ በ2022 ደግሞ ረከስ ያለው ተመሳሳዩ ተፈቅዷል። ውስጡ ያለው ሳይክሎስፖሪን ብግነቱን አብርዶ ዓይን እንባ እንዲያመነጭ ያግዛል። ችግሩ ሲያደርጉት ይለበልባል፤ ለውጡ እስኪታይም ወራት ይፈጃል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያኔ የነገረኝ የለም። ዓይኔ ከምን እንደደረቀም አልነገረኝም።

ሌላ ቦታ ደግሞ አለ፤ ከመመርመሪያው ክፍል ይልቅ መክፈያው ያማረ። ገና ሐኪሙ ወጣ ከማለቱ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አይፒኤል የሚባል የብርሃን ሕክምና፣ በአራት ዙር፣ በጥቅል ዋጋ፣ ዛሬ ከፈረምክ ቅናሽ አለው። እኔን ያስደነገጠኝ ዋጋው ነበር። ለካ ከዋጋው የባሰ ነገር አለው። እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ፤ ለኛ ለሐበሾች መታወቅ ያለበት ነገር ስለሆነ።

አሁን ወደ አሌክሳንድሪያው።

ስትደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ኢንሹራንስ ነው። ልብ በሉ፤ ቪዥን የሚባለውና የጤና ኢንሹራንሱ ለየቅል ናቸው። ቪዥኑ ለመነጽር ልኬት ነው። የዓይን ድርቀት በሽታ ስለሆነ የሚሄደው በጤና ኢንሹራንሱ ነው። ብዙ ሰው የቪዥን ካርዱን ብቻ ይዞ ሄዶ «አይሸፍንም» ተብሎ ይመለሳል። እዚህ ያለችው እንግዳ ተቀባይ ይህንን ሳልጠይቃት በስልክ ነገረችኝ። ሁለቱንም ካርድ ፎቶ አንስቼ እንድልክ አደረገችና ለምርመራው ከኪሴ የምከፍለውን ቀድማ አሳወቀችኝ። ስሄድ ያቺኑ ከፈልኩ። አሜሪካ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንደገባችሁ ወረቀት ይሰጧችኋል፤ 12 ጥያቄ ነው። ብርሃን ያስቸግርሃል? ማታ መንዳትስ? ነፋስ ሲሆን? አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ቦታስ? መልሱ ተደምሮ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይወጣለታል። ከ13 በላይ ከሆነ ችግር አለ ማለት ነው፤ ከ33 በላይ ከባድ የሚባለው ውስጥ ይገባል። እኔ 44 አመጣሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ ሒሳብ ላይ ያላየሁት ነጥብ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ኦፕቶሜትሪስት ናት፤ ማለትም ዓይን ትመረምራለች እንጂ ቀዶ ጥገና አትሠራም። የኛ ሰው ይህንን ሲሰማ ፊቱን ያጨፈግጋል። «ዋናው ዶክተር የለም ወይ?» ይላል። በኔ በኩል ለዚህ በሽታ የሚያስፈልገው ጊዜ ሰጥቶ የሚመረምር ሰው ነው። እሷ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ከዓይኔ በፊት ስለ ኑሮዬ መጠየቅ ጀመረች። ስንት ሰዓት ትነዳለህ? የመኪናው አየር ወዴት ነው የሚነፍሰው? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ጸደይ ሲገባ አፍንጫዬ ስለሚዘጋ ቤናድሪል እወስዳለሁ አልኳት። ብዕሯን አነሳች። የአለርጂ ክኒን፣ በተለይ እንደሱ ያለው የቆየው ዓይነት፣ አፍንጫን ሲያደርቅ ዓይንንም አብሮ ያደርቃል አለችኝ። ከቤተሰብ ሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ ወደ አፍንጫ ስፕሬይ እንድቀይር ጻፈችልኝ።

ቀጠለች። አፍህ ይደርቃል? መገጣጠሚያህን ያምሃል? ይህ ሾግረን የሚባለውን በሽታ ለመለየት ነው፤ ሰውነት የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢ የሚያጠቃበት። ካጠራጠራት የደም ምርመራ እንደምታዝልኝ ነገረችኝ። ቤት ውስጥ ጭስ አለ? አለቺኝ። ሳቄ መጣ። ከሰል እናያይዛለን፣ ቡና እንቆላለን፣ ዕጣን እናጨሳለን፣ ከዚያ ዙሪያውን ቁጭ እንላለን አልኳት። «መስኮት ትከፍታላችሁ?» አለች። ጃንዋሪ ላይ ማን መስኮት ይከፍታል።

በመጨረሻ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ፤ የት ነው ያደግከው? ሕፃን እያለህ ዓይንህን ታመህ ታውቃለህ? ከዚያ የላይኛውን የዓይኔን ቆብ በጥጥ እንጨት ገልብጣ አየችው። የምትፈልገው የትራኮማ ጠባሳ ነበር። ትራኮማ ውስጡን ካጠባበሰው እንባን የሚያመርቱትን ነገሮች ያበላሻቸዋል፤ ዓይን ከዚያም ሊደርቅ ይችላል። የኔ ንጹሕ ነው። ግን የአንድ ኢትዮጵያዊን የዓይን ቆብ ገልብጦ ማየት እንዳለበት የሚያውቅ ሐኪም እዚህ ሀገር ሳገኝ እሷ የመጀመሪያዬ ናት።

ከዚህ በኋላ ነው መለካት የጀመረችው። ቢጫ ቀለም ዓይኔ ላይ ነካ አደረገች። ክፍሉን አጨለመች፣ ሰማያዊ መብራት አበራች፣ «ሳትርገበገብ ቆይ» አለችኝ። እንባ ዓይን ላይ ተዘርግቶ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ነው የምትቆጥረው። ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ እንባው ቶሎ ይሰነጣጠቃል ማለት ነው። የኔ 3 ሆነ። ቀጥሎ ቀጭን ወረቀት አጥፋ የታችኛው ቆብ ላይ ሰካችው። ሽርመር ይባላል። አምስት ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ነው፤ ደስ አይልም፣ ይኮረኩራል። ከዚያ ወረቀቱ ምን ያህል እንደራሰ በሚሊ ሜትር ይለካል። ከ5 በታች ክፉ ድርቀት ነው፣ ከ10 በላይ ደህና ነው። እኔ 14። አሳየችኝ። «ውሃ አለህ» አለች።

ታዲያ ምን አነሰኝ? ዘይት። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከላይ ስስ ዘይት ይለብሳል፤ ዘይቱ ነው ውሃው እንዳይተን የሚያደርገው። ዘይቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ውስጥ የተደረደሩ ቀጫጭን ዕጢዎች ናቸው። በ1666 የገለጻቸው ሄይንሪኽ ማይቦም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለሆነ በስሙ ይጠራሉ። የታችኛውን ቆቤን ገልብጣ በልዩ ካሜራ አነሳችውና ፎቶውን በትልቅ ስክሪን ላይ አወጣችው። ጤነኛው ዕጢ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ነው። የኔዎቹ መሀል ላይ ያሉት አሉ፤ ወደ ጠርዙ ያሉት አጥረዋል፣ ጥቂቶቹ ጭራሽ ጠፍተዋል። የጠፋ ዕጢ አይመለስም አለችኝ፤ ሥራችን የቀሩትን ማዳን ነው። ከዚያ በጣቷ ቆቤን ከሽፋሽፍቱ ሥር ጫን አደረገችው። ጤነኛ ቢሆን ጥርት ያለ ዘይት ብቅ ይል ነበር። የኔ ነጭና ወፍራም፣ ብርድ እንደያዘው ቅቤ ረግቶ ነው የወጣው። በማጉያው ቀርፃ አሳየችኝ። ስንት ዓመት ሲያቃጥለኝ የኖረውን ነገር በዓይኔ አየሁት።

እንባው ለምን እንደሚፈስም ያኔ ገባኝ። ዘይት ስለሌለ ውሃው ይተናል። ዓይን ሲደርቅ ይቆጣል። ሲቆጣ አንጎል እንባ ያዛል፤ የሚመጣው ግን ጎርፍ ነው፣ ዘይት የሌለው። ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይን ላይ አይቆይም። መንዳት ደግሞ ያባብሰዋል። አተኩሮ የሚያይ ሰው መርገብገብ ይረሳል፤ ቢርገበገብም ቆቡን ሙሉ አይገጥምም። ዕጢው የሚጨመቀው ቆብ ሲገጥም ነው። ላፕቶፕ ላይ ለሚውሉም ያው ነው።

ይህንን ሁሉ ስትነግረኝ ምንም አልሸጠችልኝም። የሰጠችኝ ማዘዣ አሰልቺ ነበር። ጠዋትና ማታ በማይክሮዌቭ የሚሞቅ ጭንብል ለ10 ደቂቃ ዓይን ላይ ማድረግ። በእርጥብ ፎጣ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ፎጣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይቀዘቅዛል አለችኝ፤ ዘይቱን ለማቅለጥ ሙቀቱ መቆየት አለበት። ጭንብሉን መጀመሪያ እጅ አንጓ ላይ ሞክሩት፣ ዓይናችሁን እንዳታቃጥሉ። ቀጥሎ በንጹሕ ጣት የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በቀስታ ማሸት። የሽፋሽፍቱን ሥር ማጽዳት። የመኪናውን አየር ከፊት አዙሮ ወደ እግር ማድረግ። ኬሚካል የሌለበት ጠብታ። በቃ ይኸው ነው።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ቡና ሲቀዳላት ከመጠጣቷ በፊት ሲኒውን ወደ ዓይኗ ጠጋ አድርጋ እንፋሎቱን ትሞቅ ነበር። ለሐኪሟ ነገርኳት። ሳቀች፤ ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግን ሙቀቱ ቶሎ ያልፋል፣ ሲኒው ደግሞ ሊያቃጥል ይችላል አለች። ከጎን ዕጣኑ እየጨሰ መሆኑን አልነገርኳትም።

ከሦስት ወር በኋላ ተመለስኩ። ያለ ማጋነን ግማሽ መንገድ ሄጄ ነበር። ጠዋት ስነሳ የነበረው ማጣበቅ ቀርቷል። ማታ የመብራቱ መበተን ግን ገና ነበር። እንደገና ለካችኝ፤ 3 የነበረው 5 ሰከንድ ሆኗል። ይህን የመለካት ነገር የምወድላቸው ለዚህ ነው። «ተሻለህ?» ብሎ ጠይቆ የሚሸኝ ሐኪም ብዙ ነው፤ እዚህ ቁጥር አለ።

ያኔ ነው ስለ ማሽን የተነሳው። ሊፒፍሎው ይባላል፤ በ2011 የተፈቀደ ነው። ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ አይከፍልበትም። እነሱ ዘንድ ለሁለቱም ዓይን 900 ዶላር ነው። ብዙ ብር ነው። ሐኪሟ «ካልፈለግህ ጭንብሉን ቀጥል፣ አትጎዳም፤ ብታደርገው ግን ዕጢዎችህ ገና ስላላለቁ ትጠቀማለህ» አለችኝ። አስቤበት ልምጣ ብዬ ወጣሁ። የሚያሳድደኝ ሰው አልመጣም፣ ታብሌትም አልመጣም። ባለቤቴ «ለመኪናው ጎማ የምታወጣውን ለዓይንህ ትሰስታለህ?» ስትለኝ ቀጠሮ ያዝኩ።

ሕክምናው እንዲህ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ያደርጋሉ። ከዚያ ከቆቡ ሥር ትንሽ ሽፋን ያስገባሉ፤ ጥቁሩን ክፍል ይከልልላችኋል። ውጭው ላይ ደግሞ እንደ ፊኛ የሚነፋ ነገር ይቀመጣል። ከውስጥ ወደ 42.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፣ ከውጭ ይጨምቃል፣ ይለቃል፣ ይጨምቃል። 12 ደቂቃ ነው። አያምም፤ ግን ዓይኑን ሰው ሲጨምቅበት ደስ የሚለው የለም። ከዚያ መኪናዬን ነድቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ተአምር አልነበረም። ሳምንታት ፈጀ። አሁን ማታ እነዳለሁ፣ መብራቱ አይበተንብኝም፣ ጠብታውን በጣም ቀንሻለሁ። ነፋስ ያለ ቀን አሁንም ይቆረቁረኛል። ሙሉ በሙሉ የሚድን ነገር አይደለም፤ ጭንብሉን ሳምንት ከተውኩት ይመጣል። ሕክምናውም ቆይቶ ሊደገም እንደሚችል አስቀድማ ነግራኛለች።

ስለ አይፒኤል የገባሁላችሁ ቃል አለ። ያ የብርሃን ሕክምና የሚተኮሰው በዓይን ዙሪያ ቆዳ ላይ ነው። ብርሃኑን የቆዳ ቀለም ራሱ ይመጠዋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቃጠሎና የቀለም መበላሸት ሊያመጣ ይችላል። ሐኪሞች የቆዳን ቀለም ከ1 እስከ 6 ይመድቡታል። በ2021 ለዓይን ድርቀት የተፈቀደው ማሽን የተፈቀደው ከ1 እስከ 4 ላሉት ነው። አብዛኞቻችን ያለነው ከዚያ በላይ ነው። ሐኪሟን ስጠይቃት እጄን አየት አድርጋ «ለአንተ አይሆንም» አለች፤ ማሽኑ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ልትሸጥልኝ ትችል ነበር። ሌላው ቦታ ያቺ ባለ ታብሌቷ ልጅ ስለ ቆዳዬ አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ የምፈርምበትን ስትዘረጋልኝ ነበር። አይፒኤል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የቆዳዬ ደረጃ ስንት ነው በሉት። ካልመለሰ ውጡ።

አሁን ወቀሳው። መውጫው ላይ ያለው ጠረጴዛ ሱቅ ነው። ጭንብሉን ኦንላይን ከሚገኝበት በእጥፍ ይሸጡታል። የዓሣ ዘይት ክኒንም አለ፤ ልጅቷ «ብዙ ሰው ይወስደዋል» ትላለች። እኔ ቤት ገብቼ አነበብኩ። በ2018 የወጣ ድሪም የሚባል ትልቅ ጥናት አለ፤ 535 ሰዎች የተሳተፉበት። ሁለት ሦስተኛው ገደማ በቀን 3 ግራም ኦሜጋ 3 (የዓሣ ዘይቱ ማለት ነው)፣ የቀሩት የወይራ ዘይት ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ሁለቱም ወገን ተሻላቸው፣ ልዩነት ግን አልተገኘም። ሐኪሟን ይህን ስጠይቃት «እኔ አላዘዝኩልህም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ታዲያ ለምን እበሯ ላይ ይሸጣል?

ሁለተኛው ወቀሳ የመድኃኒት ፈቃድ ላይ ነው። ማይቦ የሚባል በ2023 የተፈቀደ ጠብታ አዛልኝ ነበር። ውሃ የለውም፣ ማቆያ ኬሚካልም የለውም፤ እንባው እንዳይተን ከላይ የሚሸፍን ነው። ጠብታው ከማነሱ የተነሳ ወድቆ ይሁን አይሁን ትጠራጠራላችሁ። ኢንሹራንሴ ቅድመ ፈቃድ ጠየቀ፤ ማለትም ከመክፈሉ በፊት ክሊኒኩ መድኃኒቱ ለምን እንዳስፈለገ በወረቀት እንዲያስረዳው። ክሊኒኩ ወረቀቱን እስኪልክ ስልክ መደወል የኔ ሥራ ሆነ። «ዛሬ እንልካለን» ይላሉ፤ ዛሬው አያልቅም። በመጨረሻ ተፈቀደ። ግን ምርመራው ላይ እንዲህ የሚጠነቀቅ ቤት ፋክስ ላይ ለምን እንደሚዘናጋ አልገባኝም።

ይሁንና አንድ ነገር አይቼ ወቀሳዬ ቀለል አለብኝ። አማቴ ከጎጃም መጥተው ነበር። ዓይኔን ይወጋኛል፣ ያስለቅሰኛል ሲሉ የኔው በሽታ መስሎን ወሰድናቸው። ሐኪሟ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አቀረበችላቸው፤ በነጻ ነው፣ ጠይቁ። «እቤት ሲያምዎ ምን ያደርጋሉ?» ስትላቸው አማቴ ዝም ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱና ወረንጦ አወጡ። ለካ ወደ ውስጥ የሚታጠፈውን ሽፋሽፍት እየነቀሉ ነው የኖሩት። ቆባቸውን ገልብጣ ስታየው የትራኮማ ጠባሳው ቁልጭ ብሎ ነበር። ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን እየፋቀ ነው። «ይህ የኔ ሥራ አይደለም፤ ቀዶ ጥገና ነው የሚያስፈልጋቸው፤ ጠብታ ሰጥቼ አላቆያቸውም» አለች። እዚያው ቁጭ እንዳልን የቆብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ ደውላ ቀጠሮ አስያዘችልን። ከገጠር የመጡ እናትና አባት ያሏችሁ፣ የዓይን ድርቀት ነው ተብሎ ጠብታ ብቻ ከተሰጣቸው ቆባቸው ተገልብጦ ይታይ በሉ።

እኔ ሾግረን አልተገኘብኝም። ቢገኝብኝ ባልቲሞር ወዳለው የጆንስ ሆፕኪንስ ዊልመር የዓይን ተቋም እልክህ ነበር ብላኛለች፤ እዚያ ለከባድ የዓይን ድርቀት ራሱን የቻለ ክሊኒክ አላቸው። ድንገት ኃይለኛ ሕመም ወይም የዕይታ መቀነስ ያለበት ሰው ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ይህም ክሊኒክ የድንገተኛ ቦታ አይደለም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ዝርዝር ያዙ፤ የእንቅልፍና የአለርጂ ክኒንም ይቆጠራል። በዚያ ጠዋት ጠብታ አታድርጉ፣ ልኬቱን ያበላሸዋል። ሴቶች ኩል ተኩላችሁ አትሂዱ። ባለቤቴን በቆቡ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የሚደረገው ኩል የዕጢዎቹን አፍ ይደፍናል ብለው አስቁመዋታል፤ ተቆጥታ ነበር፣ አሁን ከውጭ ብቻ ነው የምትኳለው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ስለማያደርጉላችሁ ራሳችሁ ነድታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ፓርኪንጉ ከሕንፃው ጀርባ ነጻ ነው። ቅዳሜ አይከፍቱም፤ ለኛ ለነጂዎች ማክሰኞ ጠዋት ይሻላል፣ ኤርፖርቱም ያን ሰዓት ቀዝቀዝ ይላል።